የኪያ ፎቶ ተበላሸ

ኑ፣ ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ፣ ጣትህን ከአፍንጫህ አውጣ። አንቺ፣ ሳቅሽን ዋጥ አድርጊ፤ ዛሬ የማወራው የሚያስለቅስ ነው። ዝም! የዝንብ ድምፅ እንኳ እንዳልሰማ።

ትንግርት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ትንሽ ወንድሟ ኪያ ይባላል። ኪያ ገና ይድሃል፤ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል፣ ጫማም ቢሆን።

አባታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አንዴ ከሄደ ቶሎ አይመጣም። መኪናው ውስጥ፣ ከመሪው በላይ፣ የትንግርት ፎቶ ተለጥፏል። የኪያ ግን የለም።

ባለፈው አባባ ከመንገድ ሲመለስ፣ ኪያ ሁለት ጥርስ አብቅሎ ጠበቀው። አባባ አየት አደረገውና «ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አለ።

ሲቀልድ ነው። ትንግርት ግን የምሩን መሰላት። አባባ ኪያን ሊረሳው ነው!

ነገ ሳይነጋ አባባ ይሄዳል። ማዶ ያለው ፎቶ ቤት ደግሞ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከዚያ በፊት የኪያ ፎቶ መታጠብ አለበት።

ውጪ ዶፍ ይወርዳል። ቤቱ ጨለምለም ብሏል።

የአባባ እህት፣ እቴቴ ሽታዬ፣ ካሜራዋን አምጥታ ለትንግርት ሰጠቻት። አናቱ ላይ ትልቅ ፍላሽ ተሰክቶበታል። እሷም ብዙ አታውቅበትም። አፏ ግን ሁሉን ያውቃል።

ጠጋ በይ አለቻት። ትንግርት ጠጋ አለች፣ የኪያ አፍንጫ ድረስ።

ቀጭ! ብልጭ!

የካሜራው ስክሪን ላይ ኪያ ፊት የለውም። ዱቄት የተደፋበት ድንች ነው የሚመስለው። ወይኔ ጉዴ፣ ተበላሸ!

ራቅ በይ አለቻት። ትንግርት ራቅ አለች፣ በሩ ድረስ።

ቀጭ! ብልጭ!

ጨለማ ውስጥ ሁለት ቀያይ ዓይኖች። ጅብ ነው እንዴ? ወይኔ ጉዴ፣ ተበላሸ!

ግድግዳው ላይ አስደግፊው አለቻት። ትንግርት አስደገፈችው።

ቀጭ! ብልጭ!

ከኪያ ኋላ ጭራቅ የሚያክል ጥቁር ጥላ ቆሟል። ኪያ ራሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ከፍቶ፣ እሪ ይላል። ወይኔ ጉዴ፣ ተበላሸ!

ከዚያ በኋላማ ኪያ ካሜራውን ሲያይ እየዳኸ ይሸሽ ጀመር። የእናቱ ቀሚስ ስር ገብቶ ተደበቀ።

እቴቴ ሽታዬም ጥፋቱ የልጁ ነው እንጂ የካሜራዬ አይደለም ብላ ተቀየመች። ነጠላዋን ተከናንባ ቁጭ አለች።

ማዶ የፎቶ ቤቱ በር ተሰማ። ቋ... ቋ... ግማሹ ተዘጋ።

ትንግርት አልጋው ጥግ ሄዳ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ካሜራውን ስታስቀምጠው ፍላሹ አንገቱ ቀው አለና ወደ ላይ ቀና አለ።

«ሰበርኩት» አለች ትንግርት።

አሁን ፎቶም የለም፣ ካሜራም የለም። አባባ ይሄዳል፣ ኪያ ያድጋል፣ አባባ ሲመለስ አያውቀውም።

ትንግርት አለቀሰች። ፊቷን ጉልበቷ ላይ ደፋች።

ድህ... ድህ... ድህ... ማን መጣ?

ኪያ ነው። ሲያኝከው የቆየውን፣ በለሃጩ የራሰውን ዳቦ ዘረጋላት። እንኪ ማለቱ ነው።

ትንግርት አልተቀበለችውም። እናንተስ ትቀበላላችሁ? ፍላሹ እውነት ተሰብሮ እንደሆነ ለማየት ብላ፣ እንባዋ ሳይደርቅ፣ ካሜራውን ተጫነችው።

ቀጭ! ብልጭ!

ብርሃኑ ወደ ኪያ ፊት አልሄደም። ወደ ላይ ወጣ። ነጩን የአቡጀዲ ኮርኒስ ነካ። ከዚያ እንደ ጠዋት ፀሐይ ቀስ ብሎ ወረደ።

ኪያ ዓይኑን እንኳ አልጨፈነም።

ትንግርት ፎቶውን አየች። ጉንጩ ጉንጭ ነው። አፍንጫው አፍንጫ ነው። ሁለቱ ጥርሶች አሉ፣ ንፍጡም ሳይቀር አለ።

የፍላሹ አንገት አልተሰበረም፤ ለካ ይታጠፋል። ለካ ኪያ ብርሃን ፊቱ ላይ ሲወረውሩበት ነው የሚሸሸው፤ ከላይ ቀስ አድርገው ሲያወርዱለት ዝም ብሎ ያያል።

ትንግርት ካሜራውን በላስቲክ ጠቅልላ፣ የእናቷን እጅ ይዛ በዝናቡ ሮጠች። ጧ፣ ጧ፣ ጧ! በሩ ሊዘጋ አንድ ክንድ ሲቀረው ደረሱ።

ማታ አባባ ትንግርትንና ኪያን ታቅፎ መኪናው ላይ ወጣ። ፎቶውን ከትንግርት ፎቶ ጎን ለጠፈው። አራቱንም ጥግ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው።

እቴቴ ሽታዬ ከታች ጃንጥላ ይዛ ታጉረመርማለች። ፎቶ ማለት ቀጥ ብሎ፣ ሱፍ ተለብሶ ነው። ይሄ ንፍጡ አልተጠረገ፣ ዳቦ ጨብጧል፣ ሰው ቢያይ ምን ይላል?

ኪያ እንቅልፍ ወስዶታል። ትንግርት የአባባ ደረት ላይ ተለጥፋለች፤ ነገ እንደሚሄድ ታውቃለች፣ አጥብቃ ይዛዋለች።

አባባ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ሽታዬ» አላት። «የምነዳው እኔ፣ የማየውም እኔ።»