የገለጉው መዝገብ

ፍርድ ቤት ዓመቱን ሙሉ ሲያዘግም ከርሞ የሚጣደፈው ሐምሌ ማለቂያ ላይ ነው። በ1975 ዓ.ም. ተዘዋዋሪው ከፍተኛ ፍርድ ቤት መተማ ላይ ለክረምት ሊዘጋ አንድ ከሰዓት ብቻ ሲቀረው፣ የመዝገብ ቤቱ ሹም ደምለው ሞቶ ተገኘ። የፖሊሱ መቶ አለቃ ዋሴ ጭቃውን እየረገጠ ሲደርስ ሬሳው ከመዝገብ ቤቱ የብረት ሣጥን ሥር ተዘርሯል፤ ጭንቅላቱ በሣጥኑ ጠርዝ ተፈንክቷል።

በረንዳው ላይ ሀብትነሽ ተቀምጣለች። ከገለጉ ሁለት ቀን በእግሯ የመጣችው፣ ሰው ገድሏል ተብሎ የታሰረው ባሏ ውሳኔ ዛሬ ይነበባል ተብላ ነው።

ደምለው በሞተበት የምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ የነበሩት የፍርድ ቤቱ ሰዎች ጸሐፊዋ ካሰች፣ ዘበኛው ፈንቴና ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ውባንተ ብቻ ናቸው።

«ዛሬ የሚነበቡትን መዝገቦች ማን ደረደራቸው?» አለ ዋሴ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ክምር እያየ።

«ዛሬ ጠዋት እኔና ፈንቴ፣ ጋሼ ደምለው እያዘዙን» አለች ካሰች እንባዋን እየጠረገች። «በቁጥር አይደለም። ከሩቅ በእግሩ የመጣ ቀድሞ ሰምቶ ይሂድ ብለው የገለጉን ከላይ፣ የመተማን ከታች አስደረጉን። አዛኝ ነበሩ እኮ!»

«እርስዎስ ጓድ ዳኛ፣ እዚህ ገብተው ነበር?»

«ጠዋት ችሎት ላይ ነበርሁ፤ ምሳ ሰዓት ክፍሌ ውስጥ ስጽፍ ቆየሁ» አለ ውባንተ።

ሌሎቹ ዳኞች ከምሳ ሲመለሱ ዋሴ ሁሉንም ሰበሰበ። ሀብትነሽም በሩ ላይ ቆመች።

«የዚች ሴት ባል መዝገብ ከላይ መሆን ሲገባው ከመተማዎቹ መኻል፣ በቁጥር በሚቀድመውና በሚከተለው መካከል ተሸጉጧል» አለ። «ካሰች ወይም ፈንቴ ቢያወጡት ከላይ ይመልሱት ነበር። የመለሰው የጠዋቱን አደራደር ያልሰማ፣ ግን መዝገብ በቁጥር እንደሚቀመጥ የለመደ ሰው ነው። የገጹ ቁጥርም ከስምንት ወደ ዐሥር ይዘላል። ገጽ ዘጠኝ የት አለ፣ ጓድ ዳኛ?»

ውባንተ ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ከሽንፋ የመጣ የሌላ መዝገብ ምስክር ቃል ነው። በጥድፊያ ተቀላቅሎብኝ፣ ሌላ ማስረጃ ሳይኖር በሱ ብቻ በዚች ሴት ባል ላይ ሃያ ዓመት ፈረድሁ፤ ጓዶቼም እኔን አምነው ፈረሙ። ደምለው ደረሰበትና ውሳኔው ካልታረመ መዝገቡን ለንባብ አላቀርብም አለኝ። አሻጥር ሠራህ እባላለሁ፣ ዝም በለኝ ብዬ ለመንሁት። እንቢ ሲለኝ ገፋሁት… መግደል አላሰብሁም።»

ፈንቴ ይዞት ወጣ።

«አልገደለም፤ እኔማ ድሮም አውቃለሁ» አለች ሀብትነሽ። «እንግዲያ ይዤው ልሂዳ!»

ሁለቱ ዳኞች አንገታቸውን ደፉ።

«ሦስት ዳኛ ካልተሟላ ችሎት የለም፣ እቴ» አለ ዋሴ። «ፍርድ ቤቱም እስከ ጥቅምት ይዘጋል።»

«ንጹሕ መሆኑን ሁላችሁም ሰምታችኋል። እስከ ጥቅምት በምን ጥፋቱ ነው የሚታሰረው?»

ዋሴ ባሏን እንኳ ትየው ብሎ ራሱ ይዟት ወደ ወህኒ ቤቱ ሄደ።