የዓሣ አንበሪው የበኩር ልጅ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም.፣ የጨረቃው ሦስተኛ ወር በባተ ሰሞን፣ በቢን ቱዋን ጠረፍ ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ነበር፤ ከአሸዋው ክምር ጀርባ የዓሣ መረቅ የሚብላላባቸው ጋኖች ሽታ መንደራችንን ሞልቶታል። ጦርነቱ ከተራራው ማዶ ነበር፤ ወደ እኛ የሚደርሰው ድምፁና ሳይፈነዳ የሚቀረው የመድፍ ጥይቱ ብቻ ነው።

አባቶቻችን በሸራ ጀልባ ወጥተው፣ ውሃውን በቀርከሃ እየደበደቡ ዓሣውን ወደ መረብ ይነዱ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ከጥይቱ የወጣውን ባሩድ በጠርሙስ አጭቆ፣ ፈትሉን ለኩሶ መጣል ተለመደ። አንድ ጠርሙስ የሳምንት መረብ ያህል ያስገኛል፤ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ውሃውን ነጭ ያደርገዋል። የጀልባዎች ማኅበር አለቃ የሆኑት ሽማግሌው ቢየን ነገሩን ከልክለዋል፤ ሆኖም ድርሻቸው ሲመጣላቸው ከየት እንደ ተያዘ አይጠይቁም ነበር።

ከአጥማጆቻችን አንዱ ቱዋት ይባላል፤ አባቱን፣ በእንስሳት ስም ከምንጠራቸው ዓመታት በዘንዶው ዓመት ማዕበል ጀልባው ሲሰበር፣ ዓሣ አንበሪ በጀርባው አዝሎ ወደ ዳር አውጥቶታል፤ ቱዋት የተወለደው በተከታዩ ዓመት ነው። እኛ ያን ፍጥረት በባዶ ስሙ አንጠራውም፤ የቀደሙት ነገሥታት «የደቡብ ባሕር ታላቅ የጦር አለቃ» የሚል ማዕረግ ሰጥተውታልና ጌታው እንለዋለን።

አንድ ጠዋት ቱዋት ብቻውን ከመንደራችን ፊት ለፊት ካለችው ደሴት ማዶ ጠርሙሱን ጣለ። ውሃው አብጦ ከሟሸሸ በኋላ ከጀልባው ሳንቃ ሥር ረዥም ማቃሰት ተሰማ፤ በእግሩ አጥንት ገብቶ እስከ ጥርሱ ዘለቀ። አንድም ዓሣ ሳይለቅም ቀዝፎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ንጋት በመጣ ቁጥር ባሕሩ ዳር እየወረደ ይቆም ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን የጌታው ሬሳ አሸዋው ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ያየውም እርሱ ሆነ፤ በዚያ ሰዓት ባሕሩን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አልነበረምና።

በሥርዓታችን ጌታውን ሞቶ መጀመሪያ ያየ ሰው የበኩር ልጁ ይሆናል፤ ቀይ የሐዘን ሻሽ አስሮ በቀብሩ ፊት ይሄዳል፤ ሦስት ዓመት ባሕር ሳይወጣ ያዝናል፤ ከዚያም አጥንቱን በሩዝ አረቄ አጥቦ ወደ ቤተ መቅደሱ ያገባል። ይህ የሚያስቀና ክብር ነው። ጎረቤቶቹ መረብ እንኳ አስተካክሎ መጣል የማይችለው ሰው የጦር አለቃ ልጅ ሆነ እያሉ ቀለዱበት፤ ላይ የምትባለው ሚስቱም ሬሳውን አይታ፣ «አማቴ ባሕር ገብተው እንዲህ ይወፍራሉ አላልኩም ነበር» አለች። ሁሉም ሳቀ፤ እርሱ ግን አልሳቀም።

ከቀብሩ በፊት ሽማግሌው ሬሳውን አጥበው ሲጨርሱ ቱዋት ቀረባቸው።

«አባባ፣ ሻሹን ለሌላ ሰው ይስጡልኝ።»

«ለምን? ከበደህ?»

«የገደልኩት እኔ ነኝ። ጠርሙሱ የኔ ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን በእርጥቡ ጨርቅ ጠረጉ። «ጆሮውን ያጠብኩት እኮ እኔ ነኝ። ደሙን አላዩም ብለህ ነው?»

«እያወቁ ነዋ!»

«ታዲያ ለማን ልስጠው? ጠርሙስ ያልጣለ ሰው አምጣልኝና ለሱ አስርለታለሁ።»

ቱዋት ወደ ጀልባዎቹ ዞሮ አንድ በአንድ ተመለከታቸው። «ልጅ አባቱን ቢገድልም ማልቀሱ አይቀርለትም» አሉት፤ «አፍህን ዝጋና እሰር።» አሰረ።

ከዚያ በኋላ በእንጨት ትራስ መተኛት አልቻለም፤ ጆሮውን ባስጠጋ ቁጥር ያ ማቃሰት በእንጨቱ ውስጥ ይመጣበታል። ሚስቱ የጥጥ ትራስ ሰፋችለት፤ አልረዳውም፤ ግድግዳ ተደግፎ እያንጎላጀ ያነጋ ነበር። ከዚህ የከፋው ደግሞ መንደሩ በሻሹ መጽናናቱ ነው፤ ጌታው ሊቀበር ወደ እኛ መጣ፣ ልጁንም ከመካከላችን መረጠ፣ እንግዲህ አልተቀየመንም እያሉ ጠርሙሱን በልበ ሙሉነት ይጥሉት ጀመር። ቱዋት ደጁ ላይ ተቀምጦ እያንዳንዱን ፍንዳታ ይሰማል። አንድ ቀን ለሚስቱ ሁሉን ነገራት፤ እርሷም፣ «ለሰዎቹ ንገራቸው፤ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ» አለችው።

ሦስቱ ዓመት ሞልቶ አጥንቱ ሲታጠብ ቱዋት በማኅበሩ ፊት ተነሥቶ እውነቱን ተናገረ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እውነቱን ያውቁ የነበሩት ቢየን ያን ጊዜ አርፈው ነበር። በመጨረሻ አንዱ፣ «ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጥቶበት ነው፤ እንዲህ የሚያዝን ልጅ አይተን አናውቅም» አለ፤ ሴቶቹም አለቀሱለት። እርሱም ሻሹን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሳያወልቅ ሞተ።

ከዚያ የሞተር ጀልባው መጣ፤ ከእርሱም በኋላ ዓሣው ራቀ። በቤተ መቅደሱ ውስጥ ጠርሙስ በተጣለባቸው በእነዚያ ጥቂት ዓመታት የገባው አጥንት አባቶቻችን በዕድሜያቸው ሁሉ ካስገቡት ይበልጣል፤ መንደሩም ጌታው ምን ያህል እንደሚወደን ለእንግዳ የሚያሳየው ያንን አጥንት ነው። በየዓመቱ በበዓሉ ቀን የበኩር ልጆቹ ስም በከበሮ ይጠራል፤ ከሁሉ በፊት የሚጠራውም ቱዋት፣ አባቱን አብልጦ የወደደው ልጅ፣ ተብሎ ነው።