ባለቤት ያለው ባዶ መሬት

ውሸት የመሰለው ሰው እዚሁ ላይ ያቁም። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው... ፀሐይ ቁልጭ ብላ ወጥታ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከቤታችን ጀርባ።

ሥራዬ መሬት መለካት ነው። ቀያሽ ነኝ። መቃብር መሀል ሜትር ጎትቼ የማውቅ ሰው ነኝ፣ በቀላሉ አልደነግጥም።

ወደ ሰፈሩ ከገባን ዓመት አልሞላንም ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደግኩት ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ቀን ቆርጧል። ጎጆ የሚቀልስበት ቦታ አጣና ከጀርባችን ባለው ባዶ መሬት ላይ ዓይኑን ጣለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ባለቤቱን ብቻ ፈልግልኝ። እኔ እለምነዋለሁ።»

እሺ ብዬ ጎረቤት ለጎረቤት ዞርኩ።

መጀመሪያ አጥር የምንጋራቸውን ልብስ ሰፊ ጠየቅኳቸው። ዓይናቸውን ከስፌት መኪናው ሳያነሱ «ባለቤትማ አለው» አሉኝ።

«ማን ነው፣ እትዬ?»

«ተወኝ እስቲ ልጄ። ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው።»

ሌሎቹም ያው... «አለው» ይሉና ወደ ሥራቸው ይዞራሉ።

ነገሩ ከነከነኝ። ቦታውን ልብ ብዬ ማየት ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ዳር ዳሩን ይዞራል እንጂ አያቋርጠውም። ልጆች ኳሳቸው ከገባ ጥለውት ይሄዳሉ። መሀሉ ላይ ስንት ኳስ ተንፍሶ ቀርቷል።

ሣሩ ደግሞ እኩል ነው... ማንም ሲያጭደው አይታይም።

ከመሬቱ አንዱ ጥግ ላይ ሁልጊዜ በርጩማ ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌ አሉ። ዘበኛ መስለውኝ «አባባ፣ ማን ነው የቀጠረዎት?» አልኳቸው።

ዓይን ዓይኔን እያዩ አለቀሱ።

ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ግን የሰርግ ጥድፊያ ማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል እንዴ?

በእኛ ሙያ ሜትር ከመዘርጋቱ በፊት ድንበርተኞች ይጠራሉ። ቀያሹ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይህ መሬት የማን ነው?» ይላል። ባለቤት የሆነ መሬቱ ላይ ቆሞ ይመልሳል።

የዚያን ቀን ሁሉንም ጠርቻለሁ። አንድም ሰው አልመጣም። በየበራቸው ቆመው ያዩናል።

ወንድሜ የሜትሩን ጫፍ ይዞ መሀል ገባ። እኔ ዳር ቆሜ፣ ልማድ ሆኖብኝ ጠየቅኩ።

«ይህ መሬት የማን ነው?»

ወንድሜ ሳቀ። ሊያሾፍብኝ ብሎ «የእኔ» አለ።

በየበሩ የቆሙት ልጆቻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ...

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሱ። ፊታቸውን ወደ ሣሩ አዙረው በሹክሹክታ «እንግዲህ ልሂድ?» አሉ።

ጥቂት ቆሙ። መልስ የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ሄዱ።

«ና ውጣ» አልኩት ወንድሜን።

«ቆይ...»

«ምን ሆነሃል? ውጣ እንጂ።»

አልወጣም። ሄዶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ብሄድ ማን ይጠብቀዋል?» አለኝ። ድምፁ የራሱ ነው። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

ልብስ ሰፊዋ ከኋላዬ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«በከንቱ አትልፋ ልጄ። ሌላ ሰው ‹የእኔ ነው› እስኪል መሬቱ አይለቀውም። ሽማግሌው እዚያ ሲቀመጡ ጎረምሳ ነበሩ፣ እኔ ሕፃን ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እሳቸው ቢሞቱ ተራው የማን ይሆን ነበር?» ብለው አቀረቀሩ። «እኛም ልጆች አሉን።»

ጉልበተኞች ይዤ ሄጄ ጎትቼዋለሁ። ንቅንቅ አላለም። የሰርጉ ቀን መጥቶ አለፈ። እጮኛው በየቀኑ ከዳር ቆማ ታለቅሳለች። ወንድሜ ገና ወጣት ነው... ፀጉሩ ግን መሸበት ጀምሯል።

እሱን የማወጣበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። እናንተም ገብቷችኋል።

ይህን የምጽፍላችሁ ከመሬቱ ዳር ቆሜ ነው። ወንድሜ ያሰብኩት ገብቶት በእጁ «ሂድ፣ ሂድ» ይለኛል። አንጀቴን በላው።

ንፋስ የለም። የዛፎቹ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም።

እኔ ገና አንድ ቃል አልተነፈስኩም...

ሣሩ ግን በሙሉ ወደ እኔ ዘንበል ብሏል።