ውሃ የማይሆን በረዶ

የቤት ሠራተኛዋ ሙንተሃ አቡ ዳቢ፣ ሸኽቦት ሲቲ በሚባለው ሰፈር ባለ ቪላ የጓሮ ክፍል ውስጥ፣ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ሞታ ተገኘች። ኮሮና ይዟታል ተብላ ለብቻዋ ከተዘጋባት ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ፖሊሶች አስከሬኑን ወስደው ከከሰዓቱ የዓስር ሶላት በኋላ እንመለሳለን ብለው ሄዱ። ማዳም ወዲያው ጣቷን በምግብ አብሳይዋ በፀሐይ ላይ ቀሰረች፤ ሁለቱ ሠራተኞች ሰሞኑን ተኳርፈው ነበርና መርዛታለች አለች።

ፀሐይ እያለቀሰች የደወለችው አል ዓይን ለምትሠራው ታላቅ እህቷ ለስንታየሁ ነው። ስንታየሁ ዓረብ አገር ሞግዚት ከመሆኗ በፊት ደሴ ላይ ስድስት ዓመት የፖሊስ መርማሪ ነበረች። ምን ዋጋ አለው፤ በዚያ ሰሞን በኮሮናው ምክንያት ከአል ዓይን ወደ አቡ ዳቢ መንገዱ ዝግ ነው። እህቷን በስልክ ከማየት በቀር የምታደርገው አልነበራትም።

«በሩ ላይ ቁሚና ክፍሉን አሳዪኝ» አለቻት።

በሽታው እንዳይወጣ በማዳም ትእዛዝ በሩም መስኮቱም ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጎ ነበር። የመስኮቱ ፕላስተር ግን ድርብ ነው። ክፍሉን የሚያቀዘቅዘው ኤሲ ከተበላሸ ሁለት ቀኑ ቢሆንም፣ ማዳም የሚጠግን ሰው አይገባም ብላለች። የማታው ሩዝ በሩ ሥር ክዳኑ ሳይነሳ ተቀምጧል። ከፍራሹ ራስጌ ባዶ የፎም ሳጥን አለ፤ ከጣሪያው ሥር በሽቦ ቤት ውስጥ ያለች ወፍ ተሰቅላለች።

«ከሳጥኑ ሥር ውሃ አለ?»

«የለም እትዬ፣ ደረቅ ነው።»

«ጣሪያው ሥር የተሰቀለችው ወፍስ?»

«እሷማ በሩን ስንከፍት ትዘል ነበር።»

ቀጥሎ ሾፌሩ ረጀብ ስልኩን ተቀበለ። ከሚና ዛይድ ወደብ ዓሣ የሚያመጣው እሱ ነው። ምግቡን በር ላይ አስቀምጦ እንደሄደ ተናገረ። የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ነጭ ሆኖ ውሃ ቋጥሯል፤ ሲጠየቅ የመኪና ሞተር አቃጠለኝ አለ። ማዳምም በተራዋ ወደዚያ ክፍል ዝር አላልኩም አለች፤ ይሄ እንኳ እውነቷን ነበር።

ስንታየሁ ስልኩን ዘግታ ደብተሯን ገለጠች። የምታሳድጋት ልጅ ሸማ የሰባተኛ ክፍል ትምህርቷን ከቤት ስለምትከታተል፣ ስንታየሁ ልታስጠናት የሳይንሱን ቃላት ወደ አማርኛ እየመለሰች ትጽፋለች፦ ከባቢ አየር፣ እርጥበት፣ ትነት፣ እፍግታ። ትናንትም እዚሁ ገጽ ላይ ሳሉ በእህቷ በኩል ከተዋወቀቻት ከሙንተሃ የድምፅ መልእክት መጥቶላት፣ ግማሹን ሰምታ «እሰይ» ብላ መልሳ ነበር። አሁን እስከ መጨረሻው ሰማችው። ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

ከዓስር በፊት ፀሐይ፣ ማዳምና ረጀብ ሳሎን ውስጥ ስልኩ ፊት ተቀመጡ። ፀሐይ ለማዳም በዓረብኛ ትተረጉማለች።

«ሩዙ አልተነካም፤ ስለዚህ የገደላት ምግብ አይደለም» አለች ስንታየሁ። «ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ደረቅ በረዶ ነው። ተራ በረዶ ቢሆን ውሃ ይተው ነበር። ይሄ ሳይቀልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይሆናል። እፍግታው ከአየር ስለሚበልጥ ከብዶ ወለሉ ላይ ይተኛል። ወፏ ከላይ ነበረች፣ ሙንተሃ ከታች። ክፍሉ ታሽጓል፤ መውጫ የለውም። በረዶው በባዶ እጅ ሲነኩት እንደ እሳት ያቃጥላል። ሚና ዛይድ ላይ ዓሣ የሚያቀዘቅዙት በዚሁ ነው። ረጀብ ወንድሜ፣ መስኮቱን ከፍተህ መልሰህ ያሸግከው አንተ ነህ።»

ረጀብ አልካደም። «ሙቀቱ ሊገድላት ነው ብዬ ነው፣ ወላሂ። ማዳም እንዳታይብኝ ፕላስተሩን ደግሜ ለጠፍኩት። ሳጥኑን ስትቀበለኝ ስቃለች።»

ማዳም ተነስታ እጇን ልትታጠብ ሄደች። 

«አሁን ምን ይሻለኛል?» አለ ረጀብ። ፀሐይ ተርፋለች፤ ለእሱ ግን ፖሊሶቹ እየመጡ ነው። የዓስር አዛን ሲሰማ ሰውየው ከወንበሩ ወርዶ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አንተ ብቻ አይደለህም» አለችውና የሙንተሃን ድምፅ ከፈተችላቸው።

«ስንትዬ፣ ቀዝቅዞልኛል። አንድ ሰው ውሃ የማይሆን በረዶ አመጣልኝ። ማን እንደሆነ አልነግርሽም፣ ይቀጡብኛል። ግን ራሴን አዞረኝ። እስቲ የልጅቷ መጽሐፍ ስለሱ ምን እንደሚል እይልኝ።»

ከሥሩ የስንታየሁ መልስ አለ፦ «እሰይ»።