የባዶ ስፒሎች መሳቢያ

በ፳፻፲፫ ዓመተ ምሕረት፥ የፍልሰታ ጾም በተገባ በመጀመሪያው ሳምንት፥ ርብና ጉማራ ከወትሮው ቀድመው ሞልተው የፎገራን ሜዳ ከጣና ጋር አንድ አድርገውት ነበር፤ ከወረታ ዳርቻ ቆሞ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው የሩዙ ማሳ የት እንደሚያልቅ፥ ሐይቁም ከየት እንደሚጀምር ሊለይ አይችልም ነበር። በዚያው ሳምንት ከምሥራቅ፥ ከደብረ ታቦር በሚወርደው መንገድ፥ ሌላ ጎርፍ መጣ፤ ይህኛው የሰው ነበር። ጦርነቱ እስከ ላይ ጋይንት በዘለቀ ጊዜ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ፥ የቀረችውን ከብት ነድቶ፥ ግማሹ በጭነት መኪና ግማሹ በእግሩ ወደ ወረታ ወረደ። የከተማው ሰው ዘመድ ያለውንም የሌለውንም ተቀበለ፤ ትምህርት ቤቱ ሞላ፤ የሩዝ መፈልፈያዎቹ በረንዳ ሞላ፤ በመጨረሻም የማረፊያ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሉቃስ፥ ከዚያ ቀደም ማንም ቁም ነገር ብሎ የማያያት አንዲት ቤት ትዝ አለችው።

ይህች ቤት የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ትባል ነበር። ስሟ ትልቅ ቢሆንም ሁለት ክፍል ብቻ ነበረች። በፊተኛው ክፍል አንድ የጉማሬ ራስ ቅልና በገለባ ተሞልቶ የደረቀ፥ ገለባው ከአንገቱ የወጣ ይብራ የሚባል የውሃ ወፍ ነበሩ፤ በኋለኛው ክፍል ግን የእንጨት ቁም ሣጥኖች ቆመው፥ በየመሳቢያቸው ጥንዚዛና ፌንጣ፥ ቢራቢሮና ተርብ በቀጫጭን ስፒል ተወግተው ተደርድረዋል። በየስፒሉም ሥር ነፍሳቱ የተያዘበትን ስፍራ፥ ቀኑንና የያዘውን ሰው ስም የምትናገር፥ ጥፍር የምታህል ወረቀት ተሰክታለች።

ቤቲቱን የመሠረቱት መምህር አምባው የሚባሉ የሕይወት ሳይንስ አስተማሪ ነበሩ፤ እርሳቸው በጡረታ ከወጡ በኋላ ቁልፉን የተረከበው ደቀ መዝሙራቸው አድማሴ ነበር። መምህሩ ቁልፉን ሲያስረክቡት አንድ ሕግ አብረው አስረከቡት፤ «ነፍሳቱ ቢጠፋ እንኳ ስፒሉና ወረቀቱ አይጣሉም፤ እንዴት እንደ ጠፋ እውነቱ ተጽፎ እዚያው ይሰካል» አሉት። አድማሴም ይህን ሕግ እንደ ንስሐ አባት ቃል ይጠብቀው ነበር።

ከመሳቢያዎቹ ሁሉ ለአድማሴ አንዲቱ ትበልጥበት ነበር። በእርሷ ውስጥ ያሉት ሩዝ ገና ወደ ፎገራ ሳይገባ፥ ሜዳው ሁሉ ሣር በነበረበትና የፎገራ ላም እስከ ጡቷ በሣር ተውጣ በምትግጥበት ዘመን፥ መምህር አምባው በወጣትነታቸው የሰበሰቧቸው የእበት ጥንዚዛዎች ነበሩ። ከነርሱም መካከል ጀርባው አረንጓዴ ሆኖ የሚያብረቀርቅ፥ ከርብ ወንዝ ዳር የተያዘ አንድ ዓይነት ነበረ። አድማሴ ይህን ጥንዚዛ ዳግም ለማግኘት ዓመታት ሙሉ የከብት እበት እየገለበጠ ሜዳውን አካለለ፤ አላገኘውም። የሣሩ ዘመን ሲያልፍ አብሮት ምን እንዳለፈ የሚያሳይ ጥናት ጀምሮ ነበር፤ የቀረው ነገር የአሮጌዎቹን ጥንዚዛዎች አካል አንድ በአንድ ለክቶ ከዛሬዎቹ ጋር ማስተያየት ነበር። ገበሬዎቹ ግን «ሰው ከብት ሲገዛ ፊቱን ያያል፤ አድማሴ ኋላውን ያያል» እያሉ ይሥቁበት ነበር። እርሱም አብሯቸው ይሥቅና እበቱን መገልበጡን ይቀጥል ነበር።

አቶ ሉቃስ ጃንጥላውን እንደ ዘረጋ ከበሩ ቆመ።

«አቶ አድማሴ፥ ክፍሎችዎን እንፈልጋቸዋለን።»

«የፊተኛውን ይውሰዱ፤ በኋለኛው ክምችት አለበት።»

«የምን ክምችት?»

«ጥንዚዛ፥ ፌንጣ፥ እንዲህ ያለ።»

«የሞተ?»

«አዎን፥ የሞተ።»

«እንግዲያማ ነፍስ ያለው ይቅደም» አለ ሉቃስ፤ ሊቀልድ አስቦ አልነበረም። ከኋላው ሴቶችና ልጆች በዝናቡ ቆመው ነበርና አድማሴ ሁለቱንም በሮች ከፈተ።

ሆኖም አንድ ነገር ደበቀ። ደረቅ ነፍሳት ጠላት አላቸው፤ ብልና ደረቅ ሥጋ የምትበላ አንዲት ደቃቅ ጥንዚዛ በክረምት እርጥበት ይፈሉባቸዋል፤ እነርሱን የሚያርቃቸው በየመሳቢያው ጥግ የሚቀመጠው ናፍታሌን የሚባል ነጭ ድቡልቡል መድኃኒት ነው። ጣውላዎቹ አርጅተው ስለ ነበር ሽታው ወደ ክፍሉ ይወጣ ነበር። ሽታው ለአዋቂ ራስ ምታት እንደሚሆን፥ ለሕፃን ደግሞ ደም እንደሚያደክም አድማሴ በትምህርት ቤት ተምሮ ያውቀዋል። ያችን የሣሩን ዘመን መሳቢያ ወደ ቤቱ ሊወስዳት አሰበ፤ ነገር ግን ቤቱም ከጋይንት በሸሹ የሚስቱ ዘመዶችና በልጆቻቸው ሞልቶ ነበር። ወደ እህል መጋዘን እንዳይወስዳት መጋዘኑ ያፈሳል፤ ነቀዙና አይጡም አይጣል ነው። ስለዚህ «ጥቂት ቀን ነው፤ ይመለሳሉ» ብሎ ራሱን አታለለና ናፍታሌኑን በቦታው ተወው።

በቁም ሣጥኖቹ ሥር የተኛችው ወይዘሮ ትሁን የምትባል የጋይንት ሴት ነበረች፤ አበረ የሚባል ገና ጥርስ ያላበቀለ ልጅ ታቅፋለች፤ ባሏ ከጦሩ ጋር ሄዶ ወሬው አልተሰማም ነበር።

«ጌታየ፥ ይህ የሚሸተው ምንድን ነው?» ስትል በማግሥቱ ጠየቀችው።

«የብል መድኃኒት ነው፤ ሰው አይነካም» አላት።

ውሸት ነበር። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ፊቱ ጋለ፤ ነገር ግን ቃሉን አልመለሰውም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሕፃኑ ጡት እንቢ አለ፤ የዓይኑ ነጭ ወየበ፤ ማልቀሱም ቀረና ዝም ብሎ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ተፈናቃዮቹን ልታይ የመጣች መሠረት የምትባል ነርስ ልጁን ገልብጣ አየችው፤ ወዲያውም አየሩን አሸተተች። «ይህ ልጅ እዚህ ቤት አያድርም፤ ወይም ይህ ሽታ አያድርም» አለችና የሚሰጠውን መድኃኒት አዝዛ፥ በቀጣዩ ቀን እንደምትመለስ ነግራ፥ ወደ ሌሎቹ አለፈች።

ትሁን ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። አድማሴን አልወቀሰችውም፤ እንዲያውም ይቅርታ ጠያቂዋ እርሷ ሆነች።

«እንግዲህ እኔ ወደ በረንዳው እወጣለሁ ጌታየ። ልጀን ከጉያየ አደርገዋለሁ፤ ዝናቡም ቢሆን ያባራል። ሰው በክፉ ቀን አስጠግቶኝ ንብረቱን አላበላሽበትም።»

«ንብረቴ አይደለም» አለ አድማሴ።

«የማንም ይሁን፤ እርስዎ እንደ ዓይንዎ ብሌን ሲጠብቁት አይቻለሁ። ልጀም እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ የቤቱን ሥርዓት አይለውጥም።»

አድማሴ ይህን በሰማ ጊዜ እንባው መጣ፤ ያፈረው በሴቲቱ ደግነት ብቻ ሳይሆን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሕፃኑንና ጥንዚዛዎቹን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ሲመዝን በመቆየቱ ነበር። «ይቀመጡ ወይዘሮ ትሁን፤ ዋሽቼዎታለሁ፤ መድኃኒቱ ሰው ይነካል» አላት። ከዚያም መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ እየሳበ ነጫጮቹን ድቡልቡሎች በባልዲ ለቀመ፤ ባልዲውን አውጥቶ ከጓሮው አርቆ ቀበረው፤ ከተሠራ ጀምሮ ተከፍቶ የማያውቀውን የኋለኛውን ክፍል መስኮትም በመዶሻ መትቶ ከፈተው። የሜዳው እርጥብ ነፋስ ገባ። ምን እንደሚከተል ከእርሱ በቀር በዚያ ቤት የሚያውቅ አልነበረም።

ሕፃኑ አገገመ። ነርሷ ስትመለስ ደሙ እስኪመለስ ጊዜ እንደሚፈልግ፥ ነገር ግን እንደሚድን ነገረቻቸው፤ እንዳለችውም በመስቀል ሰሞን እየሣቀ የአድማሴን ጢም ይጎትት ጀመር። በመሳቢያዎቹ ውስጥ ደግሞ ሌላው ሥራ በዝምታ ይሠራ ነበር። አድማሴ ጠዋት ጠዋት ከስፒሎቹ ሥር ትል ከበላው ጥንዚዛ የተረፈ ቡና የመሰለ ዱቄት ያይ ነበር፤ በለስላሳ ብሩሽ ይጠርገዋል፤ ትሉን በወረንጦ ይለቅማል፤ በማግሥቱ ዱቄቱ እንደገና አለ። መንገዱ ሰላም ሆኖ የጋይንት ሰዎች ወደ ቀያቸው ሲመለሱ የሣሩ ዘመን መሳቢያ ተበልታ አልቃ ነበር። ትሁን ስትሰናበተው ጉልበቱን ልትስም አጎነበሰች፤ እርሱ ግን ቀድሞ አነሣት። የተበላበትን ነገር አልነገራትም።

መምህር አምባው የመጡት በኅዳር ነው። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። የመጡት ከመሞታቸው አስቀድሞ የርብ ዳሩን ጥንዚዛ ለማየት ነበር፤ ይህንኑ በግልጽ ተናገሩ። አድማሴ መሳቢያይቱን አውጥቶ ከፊታቸው አስቀመጠ። ሽማግሌው ጎንበስ አሉ።

«አረንጓዴው አለ?»

አለ ቢላቸው ያምኑት ነበር፤ ዓይናቸው ሊያስተባብለው አይችልም፤ ደስ ብሏቸውም ይሄዱ ነበር። አድማሴ ግን አንድ ጊዜ ዋሽቶ ያየውን አይቷል። እጃቸውን ይዞ ጣታቸውን በባዶዎቹ ስፒሎች ራስ ላይ አስነካቸው፤ የሆነውንም ሁሉ ነገራቸው።

መምህሩ ባዶዎቹን ስፒሎች ከዳር እስከ ዳር አንድ በአንድ ዳሰሱ። ወጣትነታቸው ነበር የተበላው።

«ልጁስ?»

«ድኗል።»

«ምክንያቱን ጽፈሃል?»

አድማሴ አዘጋጅቶት የነበረውን ወረቀት አነበበላቸው፤ «በጦርነቱ ምክንያት የጠፋ» ይላል።

«መስኮቱን የከፈተው ጦርነት ነው?»

«አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ያንተን መልካም ሥራ ለጦርነት ለምን ትሰጠዋለህ? ቅደደውና እውነቱን ጻፍ።»

«እውነቱማ ዘግይቼ ነው የከፈትሁት፤ ቀድሜ ዋሽቻታለሁ።»

«እርሱንም ጻፍ።»

«ወረቀቷ ትንሽ ናት መምህር፤ አትበቃም።»

«ፊደሉን አሳንሰው» አሉ ሽማግሌው፤ ዓይናቸውንም በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

አድማሴም በእያንዳንዱ ባዶ ስፒል ሥር አዲስ ወረቀት ሰካ፤ «ሕፃን አበረ እንዲተነፍስ ናፍታሌኑ ወጣ፤ ዘግይቶ» ይላል። ጥናቱ ሳይፈጸም ቀረ። መምህር አምባውም በሚቀጥለው ዐቢይ ጾም አረፉ።

የዚያን ክረምት ነገር ብዙ ሰው ጽፎታል፤ የተያዘውና የተለቀቀው ከተማ፥ የተፈናቀለው ሕዝብ፥ የታደለው እህል በየመዝገቡ አለ። ሰው በጨነቀው ቀን ያደረገውን ትንሽ ነገር ግን ታሪክ አይመዘግበውም፤ ጊዜም የለው። አረንጓዴውን ጥንዚዛ በፎገራ ሜዳ ላይ እስከ ዛሬ ያየው የለም። አበረ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብቷል ይላሉ ከጋይንት የሚመጡ ነጋዴዎች፤ ስሙ ወረታ ውስጥ በአንዲት መሳቢያ ተጽፎ እንደሚኖር የነገረው ሰው የለም።