አባዬ የላከው ግንበኛ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን ከወዲሁ ያዙልኝ። ፒያሳ ተወልጄ ያደግኩ፣ መድኃኒት ቤት ቆሜ የምውል ሴት ነኝ፣ እናት መጥታ «ልጄን ዓይን በላት» ስትለኝ መጀመሪያ የማነሳው ቴርሞሜትር ነው። የሞተ ሰው አየሁ የሚል ሲያጋጥመኝ ደግሞ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስቄ ነበር የማልፈው። ይቺን ስነግራችሁ ግን አትሳቁብኝ፣ እኔም መሳቁን ከተውኩት ሰነበትኩ።

አባዬ የድልድይ መሐንዲስ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አንድ መሥሪያ ቤት ነው የሠራው፣ ሳምንቱን በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት ሰንብቶ ቅዳሜ ማታ ግን የትም ይሁን የት ቤቱ ይገባል፣ ጭቃ የጠጣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የእኛን የልጆቹን ራስ በየተራ ዳብሶ ሳይጨርስ እማዬን እንኳ ሰላም አይላትም። ከከተማ ይዞን ሲወጣ ደግሞ ድልድይ ባየ ቁጥር መኪናዋን ያቆምና ሱሪውን ሰብስቦ ከሥር ይወርዳል፣ እማዬ «ጀመረው እንግዲህ!» እያለች ትንጨረጨራለች፣ እሱ እጁን እያራገፈ ይመለስና «እኔ ባልሠራሁት ነገር ላይ ልጆቼን ዝም ብዬ አላሳልፍም» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል ልቡ ድንገት ቀጥ አለችበት፣ ቀበርነው፣ አርባውንም አወጣን።

ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ጎረቤቱ ሁሉ ወደየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ ወዲህ፣ የእኛ አሮጌ ፎቅ ቤት አካባቢ ጭር ብሏል። ከበረንዳው ላይ ድሮ የማይታየው ሁሉ ይታያል፣ ግን ስማችሁን ጠርቶ የሚያልፍ ሰው የለም። ስለዚህ ድምፅ ከተሰማ የራሳችን ቤት ድምፅ ነው ማለት ነው፣ ልብ በሉልኝ።

ፍልሰታ ላይ ልጄ ሜላት ታመመች። ገና ትንሽ ልጅ ናት። ሐኪም ቤት ወስጃት መድኃኒት ተሰጥቷት ተመልሰናል፣ ትኩሳቷ ግን ይወርድና መልሶ ይነሳል። ከአያቷ አልጋ ሌላ አልተኛም ብላ ስላስቸገረችኝ ላይኛው ክፍል፣ አባዬ ይተኛበት የነበረው አልጋ ላይ አስተኛኋት። ከሰዓት በኋላ ነው፣ እማዬ ቅዳሴ ሄዳለች፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ እኔ የልጄን እጅ ይዤ አጠገቧ ተቀምጫለሁ።

ያኔ ነው ደረጃው የጮኸው። የእንጨት ደረጃ ነው፣ ማን እንደረገጠው በድምፁ እንለያለን። መጀመሪያ ከባድ እርምጃ፣ ቀስ ያለ፣ ከኋላው ደግሞ ቀላል፣ ለመድረስ የሚጣደፍ። የሚወጣ እንዳይመስላችሁ፣ ይወርዳል። «እማዬ?» አልኩ። የታችኛው በር መቀርቀሪያ ተንቀጫቀጨ። እንጨት በክረምት ያብጣል፣ ይጮሃል አልኩ ለራሴ፣ አባዬ ራሱ ያስተማረኝ ነው።

ከዚያ የያዝኩት እጅ ቀዝቃዛ መሆኑን አወቅሁ።

ቅድም እሳት የነበረች ልጅ! ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጠፍኩ፣ ትንፋሿ አለ አይባል፣ የለም አይባል። «ሜሉ! ሜሉ!» እያልኩ ጮህኩ፣ ማን ይስማኝ፣ በአንድ እጄ ስልክ ደጋግሜ መታሁ፣ በዚያ ዝናብ የሚያነሳ ባለታክሲ ጠፋ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፣ ለእኔ ክረምቱን ሙሉ ነው። ብርድ ልብሱን ጠቅልዬ ታቅፌያት ልሮጥ ስነሳ ደረጃው እንደገና ጮኸ፣ አሁን ወደ ላይ ነው፣ ከባዱም ቀላሉም። በሩ አልተከፈተም፣ ማንም አልገባም፣ እመኑኝ፣ ዓይኔን ከበሩ አልነቀልኩም። ሜላት ግን እቅፌ ውስጥ በላብ ተጠምቃ ዓይኗን ገለጠች።

«ውኃ ስጪኝ» አለች። ከዚያ ደግሞ «እግሬን ደከመኝ።»

እማዬ ጠበል ይዛ ስትመለስ ልጅቷ ቁጭ ብላ ሾርባ ትጠጣ ነበር። የሰማሁትን አልነገርኳትም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ሽኩር መጣ። ጋሽ ሽኩር ከአባዬ ጋር ስንት አገር የዞረ ግንበኛ ነው፣ እኔን በልጅነቴ በጀርባው አዝሎኛል። ከክረምቱ በፊት ጉራጌ አገር፣ ቤተሰቡ ጋ ገብቶ ገና መመለሱ ነው። ሲያንኳኳ ሊያስተዛዝን የመጣ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ትከሻው ላይ ወፍራም አጣና ተሸክሟል፣ መጋዙንም ይዟል፣ ፊቱም ይስቃል።

«ኢንጂነር ተነሱ እንዴ ልጄ? እንዳይቆጡኝ ብዬ እኮ ነው የማለድኩት።»

«ጋሽ ሽኩር፣ አልሰሙም እንዴ?»

«ምኑን?»

ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ጥቁር ሪባን የታሰረበት የአባዬ ፎቶ ተሰቅሏል፣ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየው። አጣናው ከእጁ ሸርተት ብሎ ወለሉን መታው።

«ወላሂ ትናንት ነው ያገኘኋቸው!» አለ። «ከሰዓት በኋላ፣ ያ ዝናብ ሲወርድ፣ ከሥላሴ ወደ አራት ኪሎ ስመጣ። ቆመው አነጋገሩኝ እኮ! ‹ሽኩር፣ ከአልጋዬ በላይ ያለው የጣሪያው እንጨት በስብሷል፣ ነገ ሄደህ ደግፍልኝ› ብለው ላኩኝ።»

ከጓዳ ወጥታ የሰማችው እማዬ አላለቀሰችም። ወደ ላይ መራችው። አልጋውን ገፍተን ኮርኒሱን ቀደደው፣ ጣሪያውን የተሸከመው ዋናው እንጨት ላይ ጣቱን ቢያሳርፍ እንደ ዳቦ ሰመጠለት። ልጄ ተኝታበት ከነበረው ቦታ ልክ በላይ! እማዬ እልል አለች፣ በሐዘን ቤት እልል አለች፣ «አላልኩም? ልጆቹን አይተውም አላልኩም?» እያለች ደረቷን መታች።

እኔ መድኃኒት ቤት የምውለዋ ሴትዮ ግን አሁንም መውጫ ፈለግኩ። እንጨቱን ደግፎ ሲጨርስ እስከ በር ሸኘሁትና «ጋሽ ሽኩር፣ አገር ቤት ሳይሄዱ በፊት አባዬ ነግሮዎት ይሆናል እኮ፣ ተምታቶብዎት እንዳይሆን» አልኩት።

ወደ ውስጥ አየ። ሜላት ምንጣፉ ላይ ትጫወታለች። ጠዋቱን ሙሉ ወደ እሷ አለማየቱን ያኔ ነው ልብ ያልኩት።

«ብቻቸውን አልነበሩም» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ከማን ጋር ነበር?»

«ይቺን ልጅ በእጃቸው ይዘው ነበር። ሰላም ብላት ዝም አለችኝ። ‹ደክሟታል፣ አሁን ልመልሳት ነው› አሉኝ።»

ሄደ። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም፣ ስልክም አያነሳም። እኔ ሮጬ የልጄን ጫማ አነሳሁ፣ ርጥብ ነበር፣ ክረምት ላይ ግን የማን ጫማ ይደርቃል?

ለእማዬ ነገሩ ያለቀለት ነው፣ ሞት ልጅቷን ሲወስድ አያቷ ደርሶ አስጣላት፣ በቃ። ለሰውም እንዲህ ብላ ነው የምታወራው። እኔም እንዲህ ቢሆን ደስ ባለኝ። ግን አልጋ ላይ ጋደም ስል ያን ደረጃ እሰማዋለሁ፣ ሲወርዱም እኮ ሁለት ነበሩ። መንገድ ላይ አግኝቷት ነው የመለሳት፣ ወይስ ራሱ ይዟት ሄዶ? ደግሞስ ናፍቃው ቢሆን፣ ምን ብዬ እቀየመዋለሁ?

ባለፈው እሑድ ጸጉሯን እየሠራሁላት ስለ አያቷ ጠየቅኳት።

«ሜሉ፣ ያመመሽ ቀን ከአባባ ጋር ወዴት ነበር የሄዳችሁት?»

ቀና ብላ አየች፣ እኔን ግን አይደለም፣ ከእኔ ኋላ ነው፣ አስተማሪዋን ፈቃድ እንደምትጠይቅ ልጅ። ከዚያ ራሷን ወዘወዘች።

«ገና ንገሪያት አላለኝም» አለችኝ።

ማበጠሪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ዞሬ ግን አላየሁም።