ከብረቱ ሥር የነበሩ እጆች

«ሆን ብለሽ ነው ያወረድሽብኝ! ዓይኔ እያየ!»

አቶ ሙላቱ ከአይሱዙው ጋቢና ዘለው ሲወርዱ፣ የተሰበረው አግዳሚ ብረት በመኪናው ግንባር ላይ ተንጋዶ ይወዛወዝ ነበር። ከግራና ከተማ የጫኑት ሽንኩርት ገና አልተራገፈም። የአትክልት ማከፋፈያ ግቢውን በር የሚጠብቁትን ወይዘሮ ውባንቺን፣ እስከ ትናንት «እታለም» ሲሏቸው የኖሩትን ሴት፣ ጣታቸውን ቀስረው ይዘልፏቸው ጀመር።

ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ለቀቁት። «ወይ አሳልፉን፣ ወይ ተደባደቡና ይለይላችሁ!» አለ አንድ የባጃጅ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ።

ልጃቸው ትዝታ ከጋቢናው አልወረደችም። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷን ተከትላ ከመርሳ ግራና ደርሳ ትመለሳለች። የሆነውን ሁሉ በፊት መስታወቱ በኩል፣ በክንድ ርቀት አይታለች።

በዚህ በር ለአሥራ አንድ ዓመት የነበረው ገመድ ነው። ወይዘሮ ውባንቺ ገመዱን ሲለቁት የፊተኛው መኪና ብቻ ሳይሆን ተከትሎት የመጣውም ያልፋል፤ ሹፌሩ እጁን አንሥቶ ሰላምታ ከሰጠ ይበቃል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ገመዱ ቀርቶ አውቶማቲክ ኬላ ተተከለ። ካርድ ሲያሳዩት ብረቱ ይነሣል፤ አንድ መኪና አሳልፎ ይወርዳል። የብረቱ ማዘዣ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበት፣ ለጠባቂዋ የቀረላቸው «ካርድ፣ ካርድ» እያሉ ሹፌሮችን መለመን ነው። አቶ ሙላቱ ዛሬም እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አነሡና ከፊታቸው ያለውን መኪና ተጠግተው ገቡ። ብረቱ ሰላምታ አያውቅም፤ ወረደ። ወይዘሮ ውባንቺ ሮጠው በሁለት መዳፋቸው ከሥር ደገፉት። «ቁም! ኧረ ሙላቱ ቁም!» አሉ። አቶ ሙላቱ ግን አልቆሙም፤ ነዳጅ ረገጡ።

የግቢው ኃላፊ አቶ ኢዘዲን ከቢሯቸው እየሮጡ መጡ።

«እጇ ብረቱ ላይ ነበር፤ ሰው ሁሉ አይቷል» አሉ አቶ ሙላቱ። «ተጭናው ነው! ልጄ ትመስክር። ትዝታ፣ ተጭናዋለች አይደል?»

የሁሉም ዓይን ወደ ጋቢናው ዞረ። ትዝታ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«እንግዲያው ሰኞ ከሰዓት መጥታ ምስክርነቷን ትፈርም» አሉ አቶ ኢዘዲን። «ጥፋቱ የውባንቺ ከሆነ ከሥራ ትሰናበታለች። የአንተ ከሆነ ካርድህን ትመልሳለህ፤ ለሦስት ወር እዚህ ግቢ አታራግፍም። ወላሂ ለማንም አላዳላም።»

ሰኞ ጠዋት ትዝታ ክፍል ስትገባ ሊዲያ ቦርሳዋን በወንበሩ ላይ ዘርግታ ጠበቀቻት። ሊዲያ የወይዘሮ ውባንቺ ልጅ ናት፤ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት።

«ሌላ ቦታ ፈልጊ» አለቻት። «የእናቴ የእጅ አንጓ አብጧል። ብረት ስትጫን ነው ያበጠው በያ!»

«አባቴ እኮ . . .»

«አባትሽ ያለውን ማን ጠየቀሽ? ጋቢና የነበርሽው አንቺ ነሽ። ምንድን ነው ያየሽው?»

ከኋላ ከተቀመጡት ወንዶች አንዱ፣ «ትዝታ፣ ካርድ አሳዪና እለፊ!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሊዲያ ግን አልሳቀችም።

ከሰዓት በኋላ አባቷ ከትምህርት ቤት ደጅ ወሰዷት። ግቢው በር ሲደርሱ፣ «እኔ ሥራ ከፈታሁ እናንተ ምን ትበላላችሁ? እሷ ሌላ በር አታጣም። ፈርመሽ ውጪ፣ በቃ» አሏት።

ወረቀቱ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ነበር። «ጠባቂዋ ብረቱን ወደ ታች ስትጫን አይቻለሁ» ይላል። ወይዘሮ ውባንቺ አንጓቸውን በሻሽ አስረው ጥግ ይዘው ቆመዋል።

«እግዜር ይይልሽ አልላትም፤ ልጅ ናት» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ። «አባቷ ግን ያውቃል።»

«አንቺ ዝም በይ!» አሉ አቶ ሙላቱ።

አቶ ኢዘዲን እስክሪብቶውን አቀበሏት። ትዝታ ተቀበለች፤ ወረቀቱን ግን አልነካችውም።

«እጃቸው ከሥር ነበር» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ከብረቱ ሥር። መዳፋቸው ወደ ላይ። ሊያነሡት እየታገሉ ነበር። አባዬ ካርድ አላሳየም። ቁም ሲሉትም ሰምቻለሁ።»

«ቅዳሜ ያልሽው ሌላ ነው» አሉ አቶ ኢዘዲን።

«ቅዳሜ ዋሽቻለሁ።»

የአቶ ሙላቱ ፊት ደም መሰለ። ካርዳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። «እንካ! የገዛ ልጄ ናት የበላችኝ!» ብለው በሩን አላግተው ወጡ። አይሱዙው ሲያጓራና ሲርቅ ሁሉም ሰሙት።

ወይዘሮ ውባንቺ አላመሰገኗትም። ሊዲያ ከቢሮው ውጭ እናቷን ትጠብቅ ኖሮ ሁሉንም ሰምታለች። «ቅዳሜ ብትናገሪው ምን ነበረበት?» አለቻት፤ መልስ ሳትጠብቅ የእናቷን ክንድ ይዛ ሄደች። ትዝታ ብቻዋን በእግሯ ወደ ቤት ተመለሰች።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የአይሱዙው ጥሩምባ ከደጅ ጮኸ። ወሬውን ቀድመው የሰሙት እናቷ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ዛሬ እኔው ልክፈትለት። አንቺ ጓዳ ግቢ፤ እስኪበርድለት ድረስ ፊቱ አትቁሚ።»

ጥሩምባው እንደገና ጮኸ፤ የአሁኑ ረዘም ያለና የሚያስደነግጥ ነበር።

«እኔ እከፍታለሁ እማዬ» አለች፤ ጫማዋንም አጥልቃ ወደ ቆርቆሮው በር አመራች።